የወዶ ዘማቾቹ ሌሊት

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ ሌሊቱ ይዘለላል። «ጦሩ በማግሥቱ ማለዳ ገጠመ» ይባልና ከምሽት እስከ ንጋት ያለው አሥራ ሁለት ሰዓት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። እኛ ግን ስለ 1928ቱ የፋሽስት ወረራ ስናነብ ዐይናችን ደጋግሞ ያረፈው በዚያው በተዘለለው ሰዓት ላይ ነው። ይልቁንም በሰው አገር ሰዎች ሌሊት ላይ። ማንም ሳያስገድዳቸው ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብፅ ተነሥተው የእኛን ቁስለኛ ለማከም ስለ መጡት የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ቡድኖች ማለታችን ነው። እነዚህ ሰዎች ማታ ማታ በድንኳናቸው ውስጥ ምን ያስደነግጣቸው ነበር? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። እስቲ እንየው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ጦርነቱ መምጣቱ በግልጽ በታወቀበት ክረምት፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ተቋቋመ። ዓለም አቀፉ ኮሚቴ ዕውቅና የሰጠው መስከረም 15 ቀን 1928 ሲሆን፣ ልክ በሳምንቱ መስከረም 22 የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። አንድ ሳምንት! ማኅበሩ የአንድ ሳምንት ዕውቅና ይዞ ነው እንግዲህ ለዚያ ሁሉ ጦር ሐኪም ይፈልግ የነበረው። የአገራችን ሰው ሆኖ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ ቢባል ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ፤ እሳቸውም በዚያን ጊዜ ለንደን በሚኒስትርነት ተቀምጠው ስለ አገራቸው ይሟገቱ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙም፣ ድንኳኑም፣ የጭነት መኪናውም ከውጭ መምጣት ነበረበት። መጣም። የስዊድኑን ቡድን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር ቀደም ብለው በሐረር በሚስዮን ሐኪምነት ሠርተዋል። የእንግሊዙን የመሩት ዶክተር ጆን ሜሊም ከጦርነቱ በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ የሕክምና ማሠልጠኛ የማቋቋም ሐሳብ የነበራቸው ሰው ናቸው። ብዙዎቹ ባልደረቦቻቸው ግን አገራችንን የሚያውቋት በጋዜጣ ወሬ ብቻ ነበር።

የዚያን ጊዜ የአውሮፓ ጋዜጣ ስለ አፍሪካ ሌሊት ምን ይል እንደ ነበር አንባቢያችን መገመት አያቅተውም። አውሬ፣ ሽፍታ፣ ወባ፣ ጨለማ። ወዶ ዘማቹ ከመርከብ ወርዶ ከጅቡቲ ባቡር ሲሳፈር ይህን ሁሉ በጓዙ ውስጥ ይዞት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ሲደርስ ደግሞ ሌሊቱ ራሱ አዲስ ነው። በሰሜን አውሮፓ ምሽት ቀስ እያለ፣ እያመነታ ነው የሚመጣው። እኛ ዘንድ ፀሐይ ጠለቀች ሲባል ወዲያው ድቅድቅ ነው፤ ፋኖስ ያልለኮሰ ሰው የገዛ እጁን አያይም።

ከዚያ ጅቡ ይጀምራል። የጅብ ጩኸት ለደገኛ ልጅ ከአልጋ የማያስነሣ ነገር ነው። እናት ልጇን ዝም ለማሰኘት ትጠራዋለች እንጂ እሷ ራሷ አትደነግጥለትም። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወጡት ታላላቆቻችን ሲያጫውቱን እንኳ፣ የከተማ ልጆቹ በመጀመሪያው ሳምንት በራፉን በድንጋይ ደግፈው እንዳደሩ ነው የሚነግሩን። የራሳችን አገር ልጆች እንዲህ ከሆኑ፣ ከስቶክሆልም የመጣ ሰው ምን ይሁን? ያውም ቁስለኛና ሬሳ ባለበት ሰፈር፣ የደም ሽታ የጠራው ጅብ ሸራውን እየታከከ ሲያልፍ። ግድግዳው ሸራ ነው። በዚህ በኩል ሰው ተኝቷል፣ በዚያ በኩል ትንፋሹ የሚሰማ አውሬ ቆሟል።

ሁለተኛው ድንጋጤ የተኩስ ነው። የእኛ የያኔ ጦር ሠራዊት ባሕርዩ ይታወቃል። ባላገሩ ስንቁን በአህያ፣ ጠመንጃውን በትከሻው አድርጎ፣ ሚስቱን አስከትሎ የዘመተ ነው። ደስ ሲለው ይተኩሳል፤ ሲያዝንም ይተኩሳል፤ ጅብ ሲያባርር፣ የጠፋ ጓደኛውን ሲጠራም እንዲሁ። ማታ እሳት ዳር ሽለላው ሲግም፣ አንዱ ተነሥቶ «ዘራፍ!» እያለ መሬቱን ሲረግጠው፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ጆሮ ይህ ፉከራ ነው ወይስ ግድያ? ለቅሶና ዘፈንን በዜማው የሚለየው የአገሩ ሰው ብቻ ነው። ፈረንጁ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ከእሳቱ ዳር የሚመጣውን ጩኸት እያዳመጠ አስተርጓሚውን ይጠይቃል። አስተርጓሚው «ምንም አይደለም፣ እየተጫወቱ ነው» ይለዋል። ይመነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የእነዚህ ቡድኖች ትዝታ የተጻፈው በሐኪሞቹ ነው። ከድንኳኑ ውጭ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በእጁ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ የቆመው ዘበኛ ግን ማስታወሻ አልጻፈም። መኪናውን በጭቃ ውስጥ የነዳው ሾፌር፣ ቁስል ያጠበው ረዳት፣ ቃሬዛ የተሸከመው ገበሬም አልጻፉም። ፈረንጁ ጅቡን ሲፈራ ዘበኛው ምን ይፈራ ነበር? ቤቱ የተዋቸውን ልጆች? የሳሳውን ጠመንጃ? ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ከሸራው በስተውጭ ያለውን ሰውዬ በየገጹ እየጨመረ ካላነበበ ግማሹን ብቻ ነው ያነበበው።

እንግዲህ ሌሊቱን የፈሩት ወዶ ዘማቾች ሞትን ያዩት በጠራራ ፀሐይ ሆነ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በነበሩበት በደሴ ከተማ ላይ የኢጣልያ አይሮፕላኖች ቦምብ አወረዱ። ንጉሠ ነገሥቱ በመትረየስ ሲተኩሱ የሚታዩበት ፎቶግራፍ የዚያን ዕለት መታሰቢያ ነው። ቀይ መስቀል የተቀባበት የአሜሪካውያን ሚስዮን ሆስፒታልም ተመታ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የባሰው መጣ። ራስ ደስታ ዳምጠው በሚያዙት በደቡብ ግንባር፣ በገናሌ ወንዝ አጠገብ፣ መልካ ዲዳ በሚባል ቦታ የስዊድን ቡድን ሰፍሮ ነበር። የቆላው ሌሊት ቢንቢው፣ ሙቀቱ፣ ከወንዙ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ አልፎ ታኅሣሥ 20 ቀን ነጋ። ሲነጋም አይሮፕላኖቹ መጡ። በሸራው ላይ የተዘረጋው ቀይ መስቀል ከሰማይ በግልጽ የሚታይ ነበር። ከሕመምተኞቹ ብዙዎች እዚያው በተኙበት አለቁ፤ ከስዊድናውያኑ ጉናር ሉንድስትሮም ሞቱ፤ ዶክተር ሂላንደር ቆሰሉ። ከቦምቡ ጋር ወረቀትም ወርዷል፤ በግራዚያኒ ስም የተጻፈና፣ ኦጋዴን ውስጥ ስለ ተገደለው ኢጣልያዊ አይሮፕላን ነጂ ብድር መመለሱን የሚያስታውቅ። ብድሩ የተመለሰው አልጋ ላይ ለተኛ ሰው መሆኑ ነው።

ሮም በበኩሏ፣ ኢትዮጵያውያን በቀይ መስቀል ምልክት ሥር ጥይትና ወታደር ይደብቃሉ እያለች ትከስ ነበር። ይህን ክስ አንዳንድ ሰው ዛሬም «ሁለቱም ወገን እንደ ተናገረው» እያለ ያመዛዝነዋል። እኛ ግን የሚመዘን አይመስለንም። የእንግሊዙ ቡድን በኮረም አጠገብ በሜዳ ላይ ድንኳኑን ተክሎ፣ ትልቅ ምልክቱን መሬት ላይ አንጥፎ ሳለ የካቲት 25 ቀን ተደበደበ። የግብፆቹ ቀይ ጨረቃም በኦጋዴን በኩል ይኸው ደርሶበታል። አንድ ጊዜ ስሕተት ይባላል፤ ከሰሜን እስከ ደቡብ በየግንባሩ ሲደጋገም ስሙ ሌላ ነው።

ከዚህ በኋላ የቀንና የሌሊት ትርጉም ተገለባበጠ። ቀን የመደበቂያ፣ ሌሊት የመኖሪያ ሆነ። ጦሩ ቀን ቀን በዋሻና በቁጥቋጦ ሥር እየዋለ ማታ ማታ ይጓዛል። ቁስለኛው ከግንባር የሚደርሰው በጨለማ፣ ስንቁም የሚወጣው በጨለማ ነው። ምልክቱ ጋሻ መሆኑ ቀርቶ የቦምብ መጥሪያ ነው የሚል ወሬ በወታደሩ ዘንድ ስለ ተሠራጨ፣ ቁስለኛው ራሱ ከቀይ መስቀሉ ድንኳን መራቅ ጀመረ። ይህን እናስበው እስቲ። አንድ ሰው እግሩ ተሰብሮ፣ ሐኪም ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ ሐኪሙን ሳይሆን ከራሱ በላይ የተሰቀለውን ጨርቅ ይፈራል።

ስለዚህ የጅቡ ጩኸት የሰላም ምልክት ሆነ ብንል አይገርምም። ጅብ እየጮኸ ከሆነ ገና አልነጋም ማለት ነዋ! የኢጣልያ አይሮፕላን በሌሊት ስለማይመጣ ሰው ልቡን የሚጥለው ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። በመጀመሪያ ሳምንት ጨለማውን ሲራገም የነበረው ወዶ ዘማች፣ በሁለተኛው ወር ጎህ ሲቀድ ሆዱ የሚቆረጥ ሰው ሆኗል። በአፍሪካ ሌሊት ላይ የተጻፈው ያ ሁሉ የአውሮፓ ወሬ፣ ከአውሮፓ በመጣ ሞተር ድምፅ ተሻረ።

ሌሊቱም ቢሆን ፈጽሞ ደግ ሆኖ አልቀረም፤ ምክንያቱ መርዙ ነው። ኢጣልያኖች ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ይጠቀሙበት የነበረው የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው፣ ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው። በመጀመሪያ በቦምብ፣ በኋላም ከአይሮፕላን እንደ ዝናብ ያርከፈክፉት ነበር። የተንኮሉ ጥልቀት ወዲያው አለማቃጠሉ ነው። ሰውየው በቀን በሣሩ መካከል በባዶ እግሩ ያልፋል፤ ምንም አይሰማውም፤ ጉዞውን ይቀጥላል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ ዐይኑ ይዘጋል፤ ጉሮሮው ይታነቃል። ቀን የነካው በሌሊት ይጮኻል ማለት ነው። የደጋ ብርድም አያጠፋውም፤ ሌሊት እንደ ረጋ ይቆይና ጠዋት ፀሐይ ሲሞቀው ተነሥቶ ይተናል። ይህ በዚያ ሁሉ ሰልፈኛ መካከል ባዶ እግሩን ለሚሄድ ገበሬ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ሐኪሞቹም ቢሆኑ ለጥይት ቁስል ተዘጋጅተው መጡ እንጂ ለዚህ አልነበረም። መጀመሪያ ሲያዩት የእሳት ቃጠሎ የመሰላቸው ነበሩ።

በዚያ ወራት በኮረም የነበሩት የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መልእክተኛ ስዊስ ሐኪሙ ማርሴል ዡኖ ናቸው። ዕድሜያቸው 31፣ ሥራውም የመጀመሪያ ተልእኳቸው ነው። በመጋቢት ወር ይዟቸው የመጣው የቀይ መስቀል አይሮፕላን ኮረም ላይ በቦምብ ጋየ። ነጂው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባሉ ስዊድናዊ ወዶ ዘማች ነበሩ፤ ወደ እሳቸው በኋላ እንመለሳለን። ዡኖ በኋላ በጻፉት የትዝታ መጽሐፍ ውስጥ ከኮረም ያልረሱት አንድ ድምፅ አለ፤ በመርዙ የተቃጠሉ ሰዎች ያወጡት የነበረው «አቤት፣ አቤት» የሚል ቃል። ቃሉን በጆሯቸው እንደ ሰሙት ጽፈውታል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎቹ ግን ቃሉን ስናየው እናቆማለን። አቤት ለጠራህ ሰው የምትመልሰው ነው። አቤት ዳኛ ፊት ቆመህ ፍርድ የምትለምንበት ነው። ሰሚ ሲጠፋም ወደ ላይ የሚባል ነው። ያ በሺህ የሚቆጠር ቁስለኛ ከሦስቱ በየትኛው ነበር የጮኸው? የሰሙት ሐኪም በእጃቸው የነበረው መድኃኒት ለጥቂቶች እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል፤ አንደግመውም። ከማይጨው በኋላ ግን ሌሊት እንደ ገና ፊቱን ለወጠ። ጦሩ ሲያፈገፍግ ከመንግሥቱ ጋር የቆየ ቂም የነበራቸውና ከኢጣልያ ጠመንጃና ብር የተቀበሉ የራያና አዘቦ ሰዎች ከየገደሉ ያጠቁት ጀመር። በዚህ ጉዳይ ላይ የትምህርት ቤት መጽሐፋችን «ከሐዲዎች» ብሎ ያልፋል። ቂሙ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ቀን ከሰማይ ቦምብና መርዝ፣ ማታ ከጎን ጥይት ሆነ። የእንግሊዙ ቡድንም ከዚያው ማዕበል ጋር ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ አዲስ አበባ ወረደ።

የመጨረሻው ድንጋጤ የጠበቃቸው ደግሞ በጫካ አልነበረም። ዋና ከተማው ውስጥ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ተነሡ። መንግሥት የሚባል ነገር በአንድ ጠዋት ጠፋ። ደመወዙን ያልተቀበለ ወታደር፣ የተራበ ስደተኛ፣ ወረበላ፣ ለዓመታት የሱቁን መስኮት ከውጭ ሲያይ የኖረ ድኻ ሁሉ አራዳ ላይ ተገናኘ። የመጠጥ መጋዘኖች ተሰበሩ፤ ሱቆች ነደዱ። ሦስት ሌሊት ከተማዋ በእሳት ብርሃን አደረች። የውጭ አገር ሰዎች በየሌጋሲዮኑ ተሸሸጉ። በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ብቻ ከሺህ በላይ የብዙ አገር ሰው ተጠልሎ ነበር፤ የሕንድ ወታደሮች በር ላይ ይጠብቃሉ፤ አንዳንዴም በጭነት መኪና ወጥተው የተከበቡትን ያመጣሉ። እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በሌሊት የሚሰማው ተኩስ በጦሩ ሰፈር ይሰማው እንደ ነበረው የደስታ ተኩስ አልነበረም።

ዶክተር ሜሊ በዚያ ግቢ መቀመጥ ይችሉ ነበር። የጦሩ ሥራ አልቋል፣ ቡድኑም ተመልሷል፤ ማንም አይወቅሳቸውም። እሳቸው ግን መኪና ይዘው ወደ ከተማው እየወጡ በየመንገዱ የወደቀውን ቁስለኛ ያነሡ ነበር። ቁስለኛው ደግሞ ዘራፊም ተዘራፊም ነው፤ አይመርጡም። ሚያዝያ 25 ቀን አንድ ሰው ከመሬት እያነሡ ሳለ የሰከረ ሰው ቀርቦ ተኮሰባቸው። ሁለት ቀን ታመው ሚያዝያ 27 ቀን፣ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዕለት ሞቱ። በኮረም የፋሽስት ቦምብ የሳታቸውን ሐኪም የእኛው ሰው ጥይት አገኛቸው። ይህን ለመጻፍ ብዕራችን ያመነታል፤ ግን በአርበኝነት ስም የሚደበቅ አይደለም። ተኳሹን ማን እንዳሰከረው፣ ማን እንዳስራበው፣ ማን ከተማውን ያለ ዘበኛ ትቶት እንደ ሄደ መከራከር ይቻላል፤ እኛም በመኝታ ክፍላችን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረንበት አልተስማማንም።

ከሞት የተረፉት ወደየአገራቸው ተመለሱ። ዶክተር ዡኖ ከኮረም ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. መጨረሻ፣ 15 ቶን መድኃኒት ይዘው ወደ ሂሮሺማ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ የውጭ ሐኪሞች አንዱ ሆነዋል። ሰማይን የሚፈራ ሕዝብ ሲያዩ ይህ ሁለተኛቸው ነው።

ካውንት ፎን ሮዘን ግን ወደ እኛ ተመለሱ። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል የኢትዮጵያን አየር ኃይል አሠለጠኑ። በ1961 ዓ.ም. በቢያፍራ ጦርነት በትንንሽ አይሮፕላኖች ሮኬት አስታጥቀው ወገን ለይተው ተዋጉ፤ በዚህ ብዙ ሰው ተከራክሮባቸዋል። በ1966ቱ ረኀብ ጊዜ ደግሞ መኪና በማይደርስበት ተራራማ አገር ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ የእህል ከረጢት ከአይሮፕላን የመጣል ዘዴ አመጡ። በወሎ ሰማይ ላይ፣ በአንድ ወቅት መርዝ ይርከፈከፍበት ከነበረው አቅጣጫ፣ እህል ወረደ። ባላገሩ ሞተር ሲሰማ መጀመሪያ ወደ ቁጥቋጦ ሮጦ ይሆን? በ1928 ዕድሜው የደረሰ ሽማግሌ ቢኖር እንደሚሮጥ አንጠራጠርም።

በ1969 ክረምት ፎን ሮዘን በረኀብ ለተጎዳው ሕዝብ እርዳታ ለማድረስ ኦጋዴን ውስጥ ጎዴ ነበሩ። ዕድሜያቸው 67 ነው። የሶማሊያ ጦር ድንገት በከፈተው ጥቃት ሐምሌ 6 ቀን እዚያው ተገደሉ። በዚያን ጊዜ አይሮፕላን ላይ አልነበሩም፤ መሬት ላይ ነበሩ።